ለተከራይም ጠበቃ

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2021 እ.ኤ.አ. ከቤት የማስለቀቅ ክስ ለሚቀርብበት ድሃ ተከራይ ነጻ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕግ ሰጠች፤ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። የኒውዮርክ ከተማ በ2017 ቀድማታለች። አከራዩማ ድሮም ጠበቃ አያጣም።

የምወደው የጠበቃው ሥራ በጥቃቅን ነገሮች ላይ መሆኑን ነው። ጠበቃው ኪራይ አይከፍልም። ማስጠንቀቂያው በወጉ ደርሶ እንደሆነ፣ ኪራይ ላልከፈለ የሚሰጠው የ14 ቀን ጊዜ ተጠብቆ እንደሆነ፣ የተጠየቀው ዕዳ ልክ መሆኑን ያጣራል፤ ውዝፉ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ይደራደራል። ተከራይ ብቻውን ቢሆን ወረቀቱን አይቶ ዕቃውን ይሸክፋል። መልስ ካልሰጠ ደግሞ በሌለበት ይፈረድበታል።

ሲያትል ያላችሁ ወገኖች፣ መጥሪያ ከደረሳችሁ የመልስ መስጫው ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ጭምር።