ታተመበት፣ ታተመለት፣ አሳተመ

ለመሆኑ «ታተመ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው ለቋንቋ ምሁራን ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ መጽሔት የሚገዛ፣ መጽሐፍ የሚዋዋስ፣ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ሰው ሁሉ ቃሉን በየቀኑ ያነሣዋል፤ ያነሣዋል እንጂ አይጠይቀውም። እስቲ ዛሬ ለአንድ አፍታ እንጠይቀው። መልሱ ሩቅ፣ እስከ ባሮ ወንዝ ዳር ድረስ ያደርሰናል።

«ፕሪንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዘሩ ሲመዘዝ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ ላቲን ይወስዳል፤ ፍቺውም መጫን ነው። አንድ ነገር በሌላው ላይ ተጭኖ የሚተወው ምልክት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ፕሪንት» ነው። የጣት ምልክት «ፊንገርፕሪንት»፣ የእግር ምልክት «ፉትፕሪንት»፣ የመጽሐፍ ፊደልም ያው «ፕሪንት»። መጽሐፉ የወጣለት ደራሲና ጣቱ ቀለም የተቀባ እስረኛ በአንድ ቃል ጥላ ሥር ይገናኛሉ። አማርኛ ግን ለያይቶ ይዟቸዋል። የጣቱ አሻራ ነው፤ የእግሩ ዱካ ነው፤ የመጽሐፉ ኅትመት ነው። ዛሬ በየመንደሩ ፎቶ ኮፒ ቤት «ፕሪንት አድርግልኝ» ማለት ብንለምድም፣ መጽሐፍ አሁንም «ይታተማል» እንላለን እንጂ «ፕሪንት ይደረጋል» አንልም።

ኅትመት የመጣው ኀተመ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ኀተመ ማለት አሸገ፣ ዘጋ፣ በማኅተም አጸና ማለት ነው። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ቃል የሚያስታውሰው የመሣሪያውን ጉልበት ሲሆን የእኛው የሚያስታውሰው የባለ ማኅተሙን ሥልጣን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማኅተም ባለቤት አለው፤ የንጉሥ፣ የሚኒስቴር፣ የቀበሌ ማኅተም ይባላል። ደብዳቤው አምሮ ቢጻፍ፣ ፊርማና ቲተር ቢያርፍበት፣ ክብ ማኅተም ካልተመታበት ጉዳይ አያስፈጽምም። ለመጽሐፍ ያለን አክብሮትም ከዚሁ የተቀዳ ይመስለኛል። «ታትሟል እኮ!» ሲባል ስንት ክርክር አብቅቷል! «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረትም በዚሁ መንፈስ እንደጋግመዋለን። ማን እንደሚወርሰው ግን ተረቱ አይነግረንም።

ደግነቱ ግሡ ራሱ ይነግረናል። ከአንድ ሥር የሚወጡ ሦስት ቃላትን እንውሰድ፦ ታተመበት፣ ታተመለት፣ አሳተመ። በመጀመሪያው ሰውየው እንደ ወረቀቱ ነው፤ ማኅተሙ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በሁለተኛው ባለጉዳይ ነው፤ ሌላው ያትምለታል፣ እርሱ ይጠቀማል። በሦስተኛው ግን ባለቤት ነው፤ ያዛል፣ ይከፍላል፣ ያርማል፣ ለስሕተቱም ይጠየቃል። በአገራችን ብዙ ጊዜ ደራሲው ተበድሮም ቢሆን የራሱን መጽሐፍ አሳታሚ የሚሆነው በወጪው ደስ ብሎት አይደለም። ቃሉ የያዘውን ባለቤትነት አጥብቆ ስለሚፈልገው ነው።

የራሳችን ፊደልም በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች አልፏል። ግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ነው። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት፣ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ነበር። ፖትከን ፊደሉንና ንባቡን የተማረው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ነው። ሆኖም መጽሐፉ ሲወጣ ቋንቋውን «ከለዳይኛ» ብሎ ጠራው። መነኰሳቱ ቋንቋቸውን አስተማሩ፤ የቋንቋቸው ስም ግን በሌላ ስም ተተክቶ ታተመ። ታተመበት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ሮም ውስጥ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ለኅትመት አበቁ። እርሳቸው የቋንቋው ባለቤት ናቸው፤ መሣሪያውና ሙያው ግን የሰው ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ አባ ተስፋ ጽዮንና ወንድሞቻቸው ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም። በዚህ የተነሣ ለገባው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህን የመሰለ ትሑት ይቅርታ በኅትመት ታሪካችን መጀመሪያ ላይ መገኘቱ ደስ ያሰኛል፤ የ«ታተመለት» ደረጃ ምን ያህል እንደሚያስቸግርም ያሳያል።

ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ብዙ ዘመን ወሰደ። በምኒልክ ጊዜ የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙት በ1914 ዓ.ም. ነው። ከፖትከን እስከዚያ ድረስ አራት መቶ ዓመት አልፏል። መሣሪያው ከገባ በኋላም ቢሆን ባለቤትነቱ በቀላሉ አልተገኘም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ገበያ ከወጣ በኋላ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ሳንሱርን በሕግ የከለከለው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። የከተማ አንባቢ ዛሬ ከአዟሪ እጅ መጽሔት ሲገዛ ይህ ሁሉ ዋጋ ተከፍሎበት እንደሆነ ያውቃል።

*

ይህን ያነሣሁት ለመኩራራት አይደለም። በዚህችው አገር ውስጥ ዛሬም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች እምብዛም ያልወጣ ቋንቋ ስላለ ነው።

በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ ትየርኪዲ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አለ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ድንበር ለተሻገሩ ደቡብ ሱዳናውያን በዚያው ዓመት የተከፈተ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ኑዌር ነው። ወደ መጠለያው የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ይመዘገባል። በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው ዝርዝር ምዝገባ፣ አምስት ዓመት ከሞላው ሕፃን ጀምሮ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ይወሰዳል። በዚህ ላይ ወቀሳ የለኝም። ራሽኑም፣ ማንነቱን የሚያስረዳው ወረቀትም በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የትየርኪዲ ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ የሚያውቀው «ፕሪንት» የገዛ ጣቱ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ከሚጠራቸው ነገሮች ውስጥ አሻራው በአምስት ዓመቱ ደረሰው። መጽሐፉስ?

አባቱና አያቱ ሌላ ምልክት ነበራቸው። ኑዌር ወንድ ወደ ጕልምስና ሲሸጋገር ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘረጉ ስድስት መስመሮች ይበጡለት ነበር፤ «ጋአር» ይሉታል። ዛሬ ትምህርት ቤት የገቡ ብዙ ወጣቶች ትተውታል። ጋአር ከወገን በወገን ላይ የሚያርፍ ነው። ወጣቱ ሕመሙን ችሎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያነበዋል። አሻራው ግን የሚነበበው በመሣሪያ ነው፤ ባለቤቱም አያነበውም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ኑዌር ያልታተመበት ሕዝብ አይደለም። እንዲያውም በዓለም ላይ ስለ እርሱ ብዙ ከተጻፈላቸው የአፍሪካ ሕዝቦች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ «ኑዌር» የተባለውን መጽሐፉን በ1940፣ ስለ ዝምድናና ጋብቻቸው የጻፈውን በ1951፣ ስለ ሃይማኖታቸው የጻፈውን ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እነዚህን ሳያነብ የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪ መባል የሚቸግርበት ዘመን ነበር። አሜሪካዊቷ ሻሮን ሃቺንሰን ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ወረቀት ያመጣባቸውን ለውጥ ያጠናችበትን መጽሐፍ በ1996 እ.ኤ.አ. አወጣች። ገጣሚዋ ቴሬዝ ስቮቦዳ ዘፈኖቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አሳትማለች። ሥራዎቹ የተከበሩ ናቸው፤ ያለ እነርሱም ብዙ ነገር ባልታወቀ። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው «ናት»፣ ቋንቋውንም «ቶክ ናት» ብሎ ነው። ይህንን ኢቫንስ ፕሪቻርድ ራሱ ያውቅ ነበር። ሽፋኑ ላይ የታተመው ግን ሌሎች ያወጡለት ስም ነው። የፖትከንን ከለዳይኛ ያስታውሷል!

«ታተመለት»ም አለ። የቶክ ናት የላቲን አጻጻፍ መልክ የያዘው በ1928 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሱዳን፣ ራጃፍ ላይ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ነው። ሐዲስ ኪዳን በ1960ዎቹ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጋምቤላ ክልል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኑዌርኛና አኙዋክኛ በላቲን ፊደል ይማሩበታል። ስለዚህ ፊደል የለም፣ አንባቢ የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም። ያለው የኅትመት ዓይነት ግን ሌላው ለእነርሱ ይበጃል ብሎ የመረጠው ነው፦ የእምነት መጽሐፍ፣ የትምህርት መጽሐፍ፣ የጤና ማስታወቂያ። ወጣቱ በበሬው ስም እየተጠራ ለበሬው የሚዘፍነው ዘፈን፣ የሽማግሌው የትውልድ ሐረግ፣ የስደተኛይቱ እናት የጉዞ ታሪክ እምብዛም የሉበትም። እነርሱ በካሴት፣ ኋላም በስልክ ከጋምቤላ እስከ ሚኒሶታና ነብራስካ ተሻግረዋል፤ ወደ መጽሐፍ ገጽ ግን አልተሻገሩም ማለት ይቻላል።

«የቃል ሀብት ያለው ሕዝብ ኅትመት ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ትውልድ በቃሉ የሚቈጥር ኑዌር ባለበት አገር «በቃል ያለ ይረሳል» ማለት ድፍረት ነው። እኔም ቃል ይናቅ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፤ ስለ አንድ ሕዝብ የሚወሰነው በታተመ ወረቀት በሆነበት ዓለም፣ የራሱ የታተመ ቃል የሌለው ሰው ሁልጊዜ በሌላው ገጽ ላይ ይቀራል።

ለዚህ ኢታንግ ራሱ ምስክር ነው። ኢትዮጵያና ብሪታንያ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ምኒልክ ለእንግሊዞች በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ የንግድ ቦታ ለመስጠት ተስማምተዋል። ጣቢያው በኋላ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ውሉ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያረፈበት ነው። የኑዌሮችና የአኙዋኮች ቃል ግን የለበትም። ድንበሩ በመሐላቸው አለፈ፤ ወዲያ የቀረውና ወዲህ የቀረው ወንድማማች ከዚያ ወዲህ የሁለት አገር ሰው ሆነ። ስለዚህ «የትየርኪዲ ሰዎች እንግዶች ናቸው፣ ጉዳዩ የእኛ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ለሚለኝ መልሴ ይኸው ውል ነው። ያው ሕዝብ፣ ያው ዘፈን፣ በኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያዥ ሆኖ ጋምቤላ ከተማ ውስጥም ይኖራል።

አማርኛስ? አማርኛ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። ትእዛዙም፣ መዝገቡም፣ ክብ ማኅተሙም በእርሱ ነው። አማርኛ አንባቢ ስለ ኑዌር የሚያነበው ግን በአብዛኛው ዜና ነው፦ ጎርፍ፣ የከብት ዝርፊያ፣ ግጭት፣ ስደት። ታተመበት፣ ታተመበት፣ ታተመበት። «የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ» የሚል ርእስ ያለው ነገር ስንጽፍም ግእዝና አማርኛን ቈጥረን፣ ለሌላው አንድ አንቀጽ መርቀን እንዘጋለን። ይህ ጸሐፊም ከወቀሳው አያመልጥም። ከኑዌርኛ ወይም ከአኙዋክኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ገጽ ግጥም ከመደርደሪያዬ ፈልጌ አላገኘሁም። አንባቢም ከራሱ መደርደሪያ ይፈልግ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደገና ሄደን እንተምላቸው አልልም፤ እርሱ ከሁለተኛው ደረጃ አያሳልፍም። አሳታሚ የሚያደርገው መሣሪያው እንዳልሆነ ከአባ ተስፋ ጽዮን ታሪክ አይተናል። አሳታሚ ማለት ምን እንደሚታተም የሚመርጥ፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ የሚወጣ፣ እርማቱን በእጁ የሚያየው ነው። የወር መጽሔት ሁለት ገጽ መልቀቅ አያቅተውም። በአንዱ ገጽ ቶክ ናቱ በራሱ ፊደል፣ በሌላው አማርኛው ይውጣ። የዘፋኙ ስም ከተርጓሚው ስም በላይ ይሁን። ገጹ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊትም የእርማቱ ቅጂ ትየርኪዲ ደርሶ ይመለስ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ወር ቢዘገይም እንጠብቅ።