ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፦ በአንድ ንባብ የማያምን ቀጂ

ሲዲ መቅዳት ቀላል ይመስላል፤ ዲስኩን ማስገባት፣ አንድ ቁልፍ መጫን፣ ዘፈኖቹ ፋይል እስኪሆኑ መጠበቅ። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቆይቼ ሳዳምጣቸው አንዳንዶቹ መሐል ላይ «ቋ» ይላሉ። ዋናዎቹን ዲስኮች ግን ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። ጀርመናዊው አንድሬ ቪትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የተባለ የዊንዶውስ ፕሮግራም የምመዝነው ይህን ቁጭት ይዤ ነው።

የሙዚቃ ሲዲ የተሠራው ሳያቋርጥ እንዲዘፍን ነው። የአንድ ሰከንድ ድምፅ በ75 ሴክተሮች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ጭረት ሲያጋጥም ማጫወቻው በመጀመሪያ ዲስኩ ላይ ባለው የማረሚያ መረጃ ስሕተቱን ለማቃናት ይሞክራል፤ ካልሆነለት የጎደለውን ከፊትና ከኋላ ካለው ድምፅ ገምቶ ይሞላል። ለአድማጭ ጥሩ ነው። ሲቀዳ ግን ያ ግምት የዘፋኙ ድምፅ መስሎ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

የቪትሆፍ መልስ ትዕግሥት ነው። በጥንቃቄ የማንበቢያ ስልቱ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ሴክተር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ 16 ጊዜ ደግሞ አንብቦ ስምንቱ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይጠብቃል፤ ካልሆኑ እንደገና ይጀምራል። የከፋ ሴክተር እስከ 82 ጊዜ ሊነበብ ይችላል። አንድ የተጫረ ዘፈን ግማሽ ቀን ቢበላም አይቆጨኝም። ከዚህ ሁሉ በላይ የምወድለት ሲያቅተው አለመደበቁን ነው፤ አጠራጣሪውን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ለይቶ በሪፖርቱ ይጽፋል።

ጉድለትም አለው። የማስተካከያ መስኮቶቹ ብዛት ጀማሪን ያስደነግጣል። የሲዲ ድራይቩ ያነበበውን በማስታወሻው ይዞ የሚያቆይ ከሆነና ፕሮግራሙ ይህን እንዲያውቅ ካልተደረገ፣ ሁለተኛው «ንባብ» ከዲስኩ ሳይሆን ከማስታወሻው ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ መስማማቱ ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለው ቁልፍ ነገር ከብዙ ምርጫዎች መሐል መቀበር አልነበረበትም።

ባዶ ዲስክ ላይ ራይት ሲያደርግም ጠንቃቃ ነው። ዲስኩን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጽፍ፣ ተያይዘው በሚዘፈኑ የመድረክ ቅጂዎች መሐል የሁለት ሰከንድ ዝምታ አይገባም። ኤምፒ3 ፋይል ወደ ሙዚቃ ሲዲ ቢለወጥ ግን ሲጨመቅ የጠፋው ድምፅ አይመለስም፤ ይህን የሚያድን ፕሮግራም የለም።

በቅርቡ አንድ የቆየ የክራር ሲዲ ሰጠሁት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አጠራጣሪ ቦታ እንዳለ ነገረኝ። ዲስኩን አውጥቼ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጠረግሁትና ያንን ዘፈን ብቻ እንደገና አስነበብሁ። በሁለተኛው ሪፖርት ላይ የተመዘገበ ስሕተት አልነበረም።