በእጅ የሚገጣጠም የከበሮ ማሽን

በሞጁል የተከፋፈለ አናሎግ የከበሮ ማሽን ኪት የተቀረጸ ድምፅ አያጫውትም፤ ድምፁን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ራሱ ይፈጥራል። ለብዙዎቹ ኪቶች መነሻ የሆነው ሮላንድ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲአር-808 ነው። የዚህ ማሽን የትልቁ ከበሮ ድምፅ የሚመነጨው፣ በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ተነክቶ እንደ ደወል ጥቂት ከነዘረ በኋላ በራሱ ከሚከስም ሰርኪዩት ነው። ለስኔሩ (ለትንሹ ከበሮ) በዚህ ዓይነት ንዝረት ላይ የሚሻክር ኖይዝ ይጨመርበታል፤ የሃይሃቱ (የጥንድ ጸናጽሉ) ብረታማ ድምፅ ደግሞ ቃናቸው ከማይገጥም ስድስት ኦሲሌተሮች (ንዝረት አመንጪዎች) ድምር ተጣርቶ ይወጣል።

የኪቱ ንድፍ አውጪ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ሞጁል ያደርገዋል። በስፋት የሚሠራበት የሞጁል ልክ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ያስተዋወቀው ዩሮራክ ነው፤ የፊት ሰሌዳው ቁመት 128.5 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው ኃይሉም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 12 ቮልት ነው። ልኩ አንድ በመሆኑ የተለያዩ አምራቾች ሞጁሎች በአንድ ሳጥን ጎን ለጎን ይሠራሉ።

የኪቱ ጥራት ግን በይበልጥ የሚለካው ለገጣጣሚው በማሰቡ ነው። በገበያ በቀላሉ የሚገኙ ትራንዚስተሮች፣ ለእጅ ብየዳ የሚመቹ ባለ እግር ክፍሎች፣ በሰሌዳው ላይ በግልጽ የታተሙ መጠኖች፣ የኃይል ገመዱ ተገልብጦ ቢሰካ ጉዳት የሚከላከል ዳዮድ፣ ሁሉም የዚህ አሳቢነት ውጤቶች ናቸው። ክፍሎቹ ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ ሁለት ሰዎች የገጣጠሙት አንድ ዓይነት ኪት ጥቂት ይለያያል፤ ካፓሲተር ወይም ሬዚስተር በመቀየርም ባለቤቱ ቃናውን ወደሚወደው ያመጣዋል።