በነጻ ስለሚሰጥ ስጦታና ስለ ዋስትና

ስጦታን የሚጠላ ሰው አላየሁም። ሕፃን ከረሜላ ሲሰጡት እጁን ይዘረጋል፤ ሽማግሌም ጋቢ ሲያለብሱት ይመርቃል። ነገር ግን ስጦታ ሁሉ ሰጪ አለው፤ ሰጪውም የሚሰጥበት ምክንያት አለው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋልና፣ በዚህ ዘመን በየስልካችን እየመጣ «ወዳጆችህን ጋብዝ፤ ስጦታህን በነጻ ውሰድ» የሚለውን ጥሪ ከሥሩ ልንመረምረው ይገባናል። ይህንንም የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ ወጣቶችን ለመንቀፍ አይደለም። እኔው ራሴ በድያለሁና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በሐዋሳ ነው። ብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጠዋት በሐይቁ ዳር እየተራመድሁ፣ ከሰዓት በኋላም እያነበብሁ እውላለሁ። አንድ ቀን ማታ የእኅቴ ልጅ ወደ ቤቴ መጣና፣ «አጎቴ፣ ዐሥራ አምስት ሰው ካስገባሁ አዲስ ስልክ በነጻ ይሰጡኛል። ይህን ሊንክ ለሚያውቋቸው ሰዎች ይላኩልኝ» አለኝ። «የሚሰጥህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ድርጅቱ ነዋ!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። የስልኩ መስተዋት ተሰነጣጥቆ ሳይ አዘንሁለትና፣ «የእኅቴ ልጅ ነው፤ እባካችሁ ተባበሩት» የሚል ቃል ጨምሬ ለዕድርተኞቼና ለቀድሞ ተማሪዎቼ ላክሁት።

ከነዚያ ተማሪዎች አንዲቱ በከተማችን በሚገኘው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር ልጅ ናት። ሊንኩን ብትከፍተው በመጀመሪያ የስልክ ቁጥሯን፣ ቀጥሎ በመልእክት የደረሳትን ቁጥር፣ በመጨረሻም ገንዘብ የምታንቀሳቅስበትን የምሥጢር ቁጥር ጠየቃት። ሁሉንም ሞላች። በዚያችው ሌሊት ለታናናሾቿ ደብተርና ጫማ መግዣ በስልኳ ያጠራቀመችው 3,600 ብር ተወሰደ። እሑድ ዕለት ቤቴ ድረስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የላኩት ስለ ሆነ ነው የከፈትሁት» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ገንዘቡን ከጡረታዬ እየቆረጥሁ በሦስት ወር መለስሁላት፤ ያን ቃሏን ግን የምከፍልበት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የእኅቴ ልጅም ስልኩን አላገኘም፤ ዐሥራ አምስቱ ሰው ሲሞላ «አምስት ሰው ብቻ ቀርቶሃል» የሚል መልስ መጣለት።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፣ «ሁሉም ውሸታም ነውን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ሁሉም አይደለም፤ ፍርድም ያለ ሚዛን አይሰጥም። ፔይፓል የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት በተጀመረበት ጊዜ፣ በ1992 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ ለገባው ደንበኛም ለጋበዘውም ሰው ዐሥር ዐሥር ዶላር ይሰጥ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉ፣ ድርጅቱ ለማስታወቂያ ሊያወጣው ያሰበውን ለደንበኞቹ አከፋፈለው። ሰጪው ይታወቃል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ስጦታ መቀበል ነውር የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ ስጦታውን ለአንዳንዱ እየሰጠ ከሁሉም ላይ ሌላ ነገር ይወስዳል የሚባለው ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ግራቲስ ኢንተርኔት የተባለ ድርጅት፣ የቀረበለትን ቅናሽ ተቀብሎ አምስት ወዳጆቹንም ላስገባ ሰው አይፖድ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ለአንዳንዶችም በእርግጥ ሰጥቷል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሊዮት ስፒትዘር፣ ድርጅቱ «ለማንም አልሰጥም» ብሎ ቃል የገባበትን የሚሊዮኖች ሰዎች ስምና አድራሻ ለሌሎች ሸጧል ብሎ ከሰሰው። በክሱ መሠረት ነገሩን ብናየው፣ ተጋባዡ በገበያው ገዥ የሆነ ሲመስለው የተሸጠው ዕቃ እርሱ ራሱ ነበር ማለት ነው።

የኛም ልጆች ከዚህ አላመለጡም። በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ በመላው ዓለም ሲስፋፋ፣ በአገራችንም ብዙ ወጣት የስልኩን መስተዋት በጣቱ ሲመታ ይውል ነበር። ወዳጅ የጋበዘ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ ባለቤቶቹ ግን ማንነታቸውን በግልጽ አላስታወቁም። መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ የተጠበቀው ዲጂታል ገንዘብ ታደለ። ብዙዎችም ለወራት የደከሙበት ነገር ከጥቂት ዶላር የማይበልጥ ሆኖ አገኙት። ከኪሳቸው የተሰረቀ ገንዘብ የለም ቢባል እውነት ነው፤ የሄደው ግን ዕድሜያቸው ነው። ለወዳጅ የሚላከውም ሰላምታ ቀርቶ በግብዣ ሊንክ ተተካ።

ከሁሉ የከፋው ግን «መጀመሪያ ክፈል፤ ሌሎችን አስገብተህ ከእነርሱ ታገኛለህ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ እርሳስ አንሥተህ አብረኸኝ ቁጠር። አንድ ሰው አምስት ሰው ቢያስገባ፣ እነዚያም እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቢያስገቡ፣ በዘጠነኛው ዙር 1,953,125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። የሐዋሳ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቢጠራ አይበቃም። በዐሥራ ሁለተኛው ዙር 244,140,625 ይሆናል፤ ይህም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ይበልጣል። ሰው በጠፋበት ቦታ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ከአምስቱ አራቱ ያህል በመጨረሻው ዙር ላይ ቆመው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እ.አ.አ. በ1997 በአልባኒያ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በፈረሱ ጊዜ ሕዝቡ ዐመፀ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። በኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የፒራሚድ ሽያጭን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዳንዱ «ዕቁብስ እንዲሁ አይደለምን?» ይላል። አይደለም። በዕቁብ ያገባኸውን ያህል ትወስዳለህ እንጂ የማታውቀው ሰው የከፈለውን አትበላም። ዳኛው ይታወቃል፤ አባላቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከሁሉም በላይ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሳይዝ በፊት ዋስ ይጠራል።

ያን ዕለት እሑድ የተማርሁት ይህንኑ ነው። እኔ ሊንኩን ስልክ ራሴን እንደ መልእክተኛ ብቻ ቈጥሬው ነበር። ለካ ዋስ ሆኜ ኖሯል! ልጂቱ ያመነችው ድረ ገጹን አይደለም፤ ድረ ገጹንማ አታውቀውም። ያመነችው ፊደል ያስቈጠራትን ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች በገዛ ስማቸው ቢመጡ በሩን የሚከፍትላቸው የለም፤ ስለዚህ የወዳጅን ስም ተበድረው ይገባሉ። «እኔ ምን አጣለሁ? ገንዘብ አልከፈልሁም» የሚለው ወጣት፣ የከፈለው ሌሎች በእርሱ ላይ ያላቸውን እምነት መሆኑን አላየም። እምነት ደግሞ በብዙ ዓመት ተጠራቅሞ በአንዲት ሌሊት የሚያልቅ ሀብት ነው።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣልህ ሦስት ነገር ጠይቅ። ሰጪው ማን ነው? የሚሰጠውን ከየት ያመጣዋል? ከእኔና ከወዳጄስ ምን ይወስዳል? ከሦስቱ አንዱ መልስ ካጣ ተወው። የምሥጢር ቁጥርህን ከጠየቀህማ ከዚያ ወዲያ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሌባ ነው። ሦስቱም መልስ ካገኙ ደግሞ አራተኛውን ጨምር፦ «ለዚህ ሰው ዕቁብ ላይ ዋስ እሆነው ነበርን?» አልሆንም ካልህ፣ ሊንኩን ለማንም አትላክ።

እኔና የእኅቴ ልጅ በማግሥቱ ተቀምጠን ሊንኩን ለላክንላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ደወልን። «ተሳስተናል፤ አትክፈቱት፤ የከፈታችሁም የምሥጢር ቁጥራችሁን ለውጡ» አልናቸው። ማፈሩ ቀላል አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ግን ገና ሊከፍቱት ሲሉ ደረስንላቸው። የእኅቴ ልጅ ዛሬም የሚደውለው በዚያው በተሰነጣጠቀው ስልክ ነው።