አገር ስጪኝ

ድሮ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለስ። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር ይህ የሞኝ ዘዴ አልነበረም። ጭንቅላት ቀድሞ ያድጋል፤ በስድስት ዓመት ገደማ የአዋቂን ሊያክል ጥቂት ነው የሚቀረው። ክንድ ግን ገና መንገድ መጀመሩ ነው። ዛሬም እዚህ ደረስጌ ልጅ ሊያስመዘግቡ የሚመጡ አያቶች ማንም ሳይጠይቃቸው «እስቲ ጆሮህን ያዝ» ይሉታል።

እኔ የዜሮ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆቹ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት እኔ ዘንድ ይቆያሉ። መስከረም ላይ በጋቢ ተጀቡነው፣ አንዱ ቁንጮውን አንዷ ጋሜዋን ይዘው ይመጣሉ። «ረ» የማትወጣለት አገሩን «ደለስጌ» ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ «ረ» ትመጣለች፣ የፊት ጥርስ ይሄዳል፤ ግልገል ይጠብቅ የነበረው በግ በአደራ ይሰጠዋል። ይህን እናትም ጎረቤትም ያየዋል። እኔ የምጠብቀው ለውጥ ግን ከውጭ ምልክት የለውም፤ ማየቱም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በዚህ ሙያ የቀደሙን የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ናቸው። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ያንበለብለዋል፤ አፉ ሌላ ፊደል ላይ፣ የያዘው ስንጥር ሌላ ፊደል ላይ። ለሰሚው ያነበበ ይመስላል። ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሳልስ፣ ዳ ራብዕ። ተራው ይበተናል፣ ዜማ የለመደ አፍ መንገዱ ይጠፋበታል፤ ከዚህ በኋላ የሚያደርሰው ዓይን ብቻ ነው። የሚደግመውን ልጅ ከሚያውቀው ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ በኮሌጅ አላስተማሩኝም።

የእኔ አቡጊዳ ጨዋታ ነው። ታናሹን አስከትሎ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋምና ክፍሌ ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃናትም አሉ። ኩኩሉ ስንጫወት ትንሹ ሊደበቅ ብሎ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፤ እሱ ካላየኝ እኔም የማላየው ይመስለዋል። ከፍ ያለው ራሱን ከበሩ ኋላ ከቶ ቂጡን ውጭ ይተዋል። «የት ነህ?» ሲባልም «እዚህ ነኝ!» ብሎ ይመልሳል፣ በጨዋ ደንብ። ታላቁ ግን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። በእነዚህ መካከል ያለው ርቀት የእግር ወይም የክንድ አይደለም። እኔ የማውቀውን አንተ ላታውቀው ትችላለህ የሚለው ሐሳብ በአንዱ ገብቷል፣ በሌላው ገና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በተረት ፈትነውታል። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እሱ በሌለበት እናቱ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ሲመለስ የት ይፈልጋል? የሦስት ዓመት ልጆች አሁን ያለበትን አመለከቱ። ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት ባለፈ ልጆች ዘንድ ግን ቀስ በቀስ «መጀመሪያ ካስቀመጠበት» የሚሉት በረከቱ። እኔ በቆሎ አደርገዋለሁ፤ ከአገልግል ወደ ማሰሮ። ትንሹ «ማሰሮው ውስጥ!» ይልና እጁን ይዘረጋል፤ ለእሱ ጥያቄው ያለቀው ቆሎ ሲባል ነው።

ውሸትም በዚሁ በር ነው የሚገባው። ከንፈሩ በጠመኔ ነጥቶ «ጠመኔ አልበላሁም» የሚለኝ ልጅ ገና ነው። ከወራት በኋላ አፉን በጋቢው ጠርጎ ሲመጣ እቆጣዋለሁ፣ መቆጣት ደንቡ ነው፤ ዘወር ብዬ ግን እስቃለሁ። የኔ ዓይን ምን እንደሚያይ አስቦ መጥቷልና። ወላጆች በዚህ ባይስማሙኝ አይገርመኝም።

ከሁሉ የምወደው እንቆቅልሽን ነው። ጀማሪው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ «ምን አውቅልህ» እላለሁ፣ «ኪሴ ውስጥ ያለ፣ ቆሎ!» ብሎ ይጨርሰዋል። ጥያቄውና መልሱ አብረው ይወጣሉ። ሌላው መልሱን እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ይንቆራጠጣል፤ ጥቂት ቢታገሥም በመጨረሻ ጆሮዬ ላይ መጥቶ ያንሾካሹከዋል። በዚህ ጊዜ አላርመውም። ያልሰማሁ መስዬ አስባለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ ደግሜ እሳሳታለሁ። ለልጅ ምሥጢር መያዝ የሚጣፍጠው የሌላውን ሰው አለማወቅ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነውና፣ አለማወቄን በደንብ ላሳየው ይገባል። አንድ ቀን ከንፈሩን ገጥሞ ዝም ይላል። ያን ቀን ከክፍል ስወጣ ለባልደረቦቼ ሳልነግር አልሄድም።

አገር መስጠቱም ያድጋል። ትንሾቹ መልሱ ጠፍቷቸው «አገር ስጠኝ» ሲባሉ ያለ ማቅማማት ደረስጌን ይሰጣሉ፤ ሌላ የሚያውቁት የለማ። ቀጥሎ ደባርቅን፣ ዳባትን መስጠት ይለምዳሉ። ብልሆቹ የሰው አገር ሰጥተው የራሳቸውን ያስቀራሉ። ለአገር መስጠትና መንጠቅ ደረስጌ እንግዳ አይደለችም፦ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ እዚሁ ድል ነሧቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ልጆቹ ይህን ታሪክ ገና አልተማሩም። ደረስጌን እንደ ዋዛ የሚሰጥ ልጅ ባየሁ ቁጥር ግን ደጃዝማች ውቤ ትዝ ይሉኛል።

ዘንድሮ መልሷን ከማንም ቀድማ ትዘረግፍ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። ሌላ ጊዜ አንቱ ትለኛለች፤ በእንቆቅልሽ ግን አንቱታ የለም። ከአያቷ ሰምታው ይሁን ራሷ ፈጥራው አላውቅም፣ «በበግ ላይ ያድጋል፣ በእኔ ላይ ያረጃል» አለችኝ። በመጀመሪያ እንደ ልማዴ የማላውቅ መሰልኩ፤ ኋላ ግን የምሬን እያሰብኩ ነበር። «አገር ስጪኝ» አለች። ደባርቅን ሰጠኋት፣ አልበቃትም። ጎንደርን ጨመርኩ። አዲስ አበባንም ሰጥቻታለሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አልነገረችኝም።