ስለ ጨርጨር የድንጋይ መቃብሮችና ስለ ወርቅ ፍለጋ ጨዋታዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና የጨርጨርን ደጋ ከወጣ በኋላ አሰበ ተፈሪ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ጭሮ በሚባለው ከተማ ያልፋል። በዚህ አገር ኮረብቶች ላይ በሰው እጅ የተከመሩ ድንጋዮች ይገኛሉ። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ዳጋ ቱሊ» ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም የተከመረ ድንጋይ ማለት ነው። የማን ሥራ እንደ ሆኑ ለሚጠይቅ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሐርላ ናቸው የሚል ነው። ሐርላ ማን ነበረ ቢባል ደግሞ ቁመቱ የረዘመ፣ ጉልበቱ የበረታ፣ ሀብቱም የማይቈጠር ሕዝብ ነበረ ይባላል።

እንዲህ ያለ ነገር በሩቅ አገር ላሉ የጨዋታ ደራስያን ጥሩ ሲሳይ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር፣ ይልቁንም ከ1974 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፣ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት አንድ ዓይነት የትረካ ጨዋታ ተስፋፍቷል። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ጀብደኛ ሰው ጠባይ ይዘው የዕጣ ጠጠር እየጣሉ ዕድላቸውን ይሞክራሉ። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ ወገን ታሪኩን የሚቀዳው ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በርካሽ ወረቀት ይታተሙ ከነበሩት የጀብዱ መጽሔቶች ነው። በጋዜጣ የሚወጣ የአርኪዎሎጂ ግኝት ሁሉ ለእነርሱ ጥሬ ዕቃ ነው። አሠራሩም የታወቀ ነው፤ ከግኝቱ ወርቁ ይወሰዳል፤ በዚያም ላይ የተቀደደ ካርታ፣ ተቀናቃኝ ባዕድ፣ እርግማን፣ ወጥመድ ያለበት ክፍል፣ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚሞት አገሬ መንገድ መሪ ይጨመራል።

ደራሲ ስለ ፈጠረ አይነቀፍም፤ ፈጠራ ሥራው ነውና። ነቀፌታው የሚመጣው ከግኝቱ ውስጥ የቱን ይዞ የቱን እንደ ጣለ ሲመረመር ነው።

የጨርጨር መቃብሮች ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። አዛይስና ሻምባር የተባሉት ፈረንሳውያን የሐረርን አገር ጥንታዊ ድንጋዮች ጭምር የሚገልጸውን ትልቅ መጽሐፋቸውን በ1931 አሳተሙ። ሮዤ ዡሶም በ1970ዎቹ ዓመታት ቈፍሮ ያገኘውን ደግሞ በ2014 ስለ ጨርጨር ብቻ በወጣ መጽሐፍ ሰብስቦታል። ከእነዚህ ጥናቶች እንደሚታወቀው፣ በአገሩ ሁለት ዓይነት መቃብር አለ። አንደኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዘመን በትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ሣጥን የተሠራው ነው። ሁለተኛው ዳጋ ቱሊ የተባለው ክምር ሲሆን፣ ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዘመን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ የቆመ ነው። በሁለቱ መካከል እጅግ ረጅም ጊዜ አለ። የአፍ ታሪክ ግን የጥንቱን ድንጋይ ሁሉ በአንድ የሐርላ ስም ይጠራዋል፤ የጨዋታው ደራሲም ቢሆን «የጠፋው ሕዝብ» ብሎ አንድ ያደርገዋል።

በክምሩ ውስጥ ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ የታነጸ ክፍል አለ። የተቀበረውም አንድ ንጉሥ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀብረዋል። ከእነርሱም ጋር ሸክላ፣ የብረት መሣሪያ፣ አምባርና ዶቃ ይገኛል። ተመራማሪው እነዚህን ነገሮች በቦታቸው ሳሉ ይለካቸዋል፣ ይሥላቸዋል፣ አፈሩን በወንፊት ይነፋል። ከአንድ አጽም አንገት በታች የተገኘ ዶቃ ማን ያጌጥ እንደ ነበረ፣ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ ከየትኛው ሟች በኋላ እንደ ተቀበረ ለማወቅ ይረዳል። ያው ዶቃ ከቦታው ተነሥቶ በከረጢት ከተጨመረ በኋላ ግን ዶቃ ብቻ ነው። በጨዋታው ሕግ ተጫዋቹ የሚሸለመው ይህንኑ ዶቃ ፈጥኖ በከረጢት በመክተቱ ነው።

ይህ ጨዋታ እንጂ ሌላ አይደለም የሚል ይኖራል። ዳሩ ግን የወርቅ ፍለጋ ድርሰት መሬት ላይ ምን እንዳደረገ ደቡባዊ አፍሪካ ምስክር ናት። ራይደር ሀጋርድ በ1885 የንጉሥ ሰሎሞንን የማዕድን ጕድጓድ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ፤ የዚምባብዌ የድንጋይ ከተሞችም የሰሎሞን ወይም የፊንቄ ሰዎች ሥራ ናቸው የሚለው ወሬ በነጮቹ ሰፋሪዎች ዘንድ በረታ። በ1895 ፍርስራሾችን እየቈፈረ ወርቅ የሚፈልግ ኩባንያ ተቋቋመ። ከ1902 እስከ 1904 ድረስ ደግሞ ሪቻርድ ሆል በታላቋ ዚምባብዌ የነበረውን አፈር የአፍሪካውያን ቈሻሻ ነው ብሎ ጠርጎ አወጣው። ተጠርጎ የተጣለው አፈር የከተማይቱን ነዋሪዎች ታሪክ የያዘው ነበረ። ወደ ኢትዮጵያም የመጡ ነበሩ፤ ፍራንክ ሄይተር የተባለው እንግሊዛዊ የንግሥተ ሳባን ማዕድን ስለ መፈለጉ በ1935 መጽሐፍ አውጥቷል። የዛሬው የጨዋታ ደራሲ የእነዚህ ሰዎች ወራሽ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአገሩ ተረት ከባዕዱ ድርሰት ይልቅ ብልህ መሆኑ ነው። ስለ ሐርላ የሚነገረው በልዩ ልዩ መንገድ ይተረካል፤ በብዙዎቹ ግን ሐርላ የጠፋው በጥጋቡና በኩራቱ ምክንያት ከፈጣሪ ቍጣ ስለ መጣበት ነው። በዚህ ተረት ሀብት የጥፋት ምክንያት ነው፤ በጨዋታው ደግሞ ሽልማት ነው። ስለዚህ ደራሲው የሐርላን ስም ሲወስድ የተረቱን አጥንት ጥሎ ቆዳውን ብቻ ይዟል። ለአንድ ሌሊት ጨዋታ እንኳ የሚበልጠው ጥያቄ የቱ ነው? ወጥመዱን ማን ያመልጣል የሚለው ነው ወይስ እነዚህን ሙታን ተሸክሞ ወደ አንድ ክፍል ያስገባቸው ማን ነበረ፣ ክፍሉስ አንድ ቀን ለምን ተዘጋ የሚለው? (የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአንድ ወቅት የዚሁ የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ እርሳቸው ለመድረክ የመረጡት የእንስሳት ተረት ነበረ፤ የሐርላ ተረትም ብልህ ጸሐፌ ተውኔት ቢያገኝ የሚያንስ አይደለም።)

ጨዋታው ለመንገድ መሪው ስለ ሰጠው ቦታም አንድ ነገር መባል አለበት። በድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ የቲሞቲ ኢንሶል ጓድ ባደረገው ቍፋሮ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ብርጭቆና ዛጎል ተገኝቷል። ወሬው በ2017 በተሰማ ጊዜ ግን አንዳንድ ጋዜጦች «የግዙፋን ከተማ» የሚለውን ቃል ርእስ አደረጉት፤ ከመቃብሩ የወጣው አጽም የተራ ሰው ቁመት ያለው ሆኖ ሳለ። ተመራማሪዎቹን ወደዚያ ቦታ ከሳቧቸው ምክንያቶች አንዱ ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ ሸክላና የቻይና ገንዘብ ማግኘታቸው ነበረ። በጨዋታው ድርሰት እነዚህ ገበሬዎች በቅሎ ይጭናሉ።