ደም የነካ እጅ፦ የላስታ ካህናት ነገሥታትና የገበታ ጨዋታው ቅዱስ ተዋጊ

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተጽፎ ለረጅም ጊዜ በአርመናዊው አቡ ሳሊህ ስም ሲጠራ የኖረ አንድ መጽሐፍ ስለ ሐበሻ ነገሥታት አጭር ወሬ ይዟል። ወሬው እንዲህ ነው፦ ነገሥታቱ ሁሉ ካህናት ናቸው፤ መቅደስ ገብተው ይቀድሳሉ። አንዱ በገዛ እጁ ሰው የገደለ እንደሆነ ግን ከዚያ ወዲያ አይቀድስም። ዘውዱ አይነሣበትም፤ የሚዘጋበት የመቅደሱ መንበር ነው። ጸሐፊው ይህን ሲከትብ ላስታ ላይ የዛጉዌ ነገሥታት ነበሩ። እሱ ግን አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ የጻፈው ግብፅ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ሕግ አንቀጽ ልንይዘው አንችልም። የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ሮሐ፣ ስለ ዛሬዋ ላሊበላ፣ የሰማው ነው ብለን እንያዘው፤ ለዚህ ዳሰሳ እሱም ይበቃል።

ይህን ወሬ ያስታወሰኝ ጥንታዊ ብራና አይደለም፤ ዳይስ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የገበታ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታትሞ ወጣ፤ ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪኩን በቃል ያስኬዱታል፤ ያጠራጠረውን ዳይስ ይፈርደዋል። ገጸ ባሕርይው ሙያ አለው፦ ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛ። በ1975 በወጣው ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ፓላዲን ታከለ። ስሙ የመጣው ከሻርለማኝ ባለሟሎች ተረት ነው። ሰይፍ የታጠቀ፣ እጁን ጭኖ በሽተኛ የሚፈውስ ጻድቅ ተዋጊ ነው። በሁለትና በሦስት ሙያ የተደረበ ፓላዲን መሥራት ዛሬም ድረስ ተጫዋቾች አብዝተው የሚጨነቁበት ጥበብ ነው።

አደራረቡ እንዲህ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ከፓላዲን ጋር ሌላ ሙያ ለማጣመር በጉልበትም በግርማ ሞገስም ቢያንስ 13 ነጥብ ያስፈልጋል። ገጸ ባሕርይው በየሙያው የሚወጣቸው ደረጃዎች ድምር ከ20 አያልፍም። በ2ኛው ደረጃ ሰይፉ ላይ መለኮታዊ ምት ይጨመራል፤ በ6ኛው ግርማ ሞገሱ እሱንም አጠገቡ ያሉትንም ከክፉ ነገር የሚጋርድ ጥላ ይሆናል። ብልጥ ተጫዋች እዚህ ላይ ፓላዲንነቱን ይገታና የቀረውን 14 ደረጃ በአስማተኛነት ይሞላዋል፤ ያም ሙያ የሚሠራው በግርማ ሞገስ ነውና። በሒሳብ ረገድ እንከን አይወጣለትም።

በአማርኛ ሲነበብ ግን ያስደነግጣል። አስማት በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። ስሞቹን የሚያውቀው ደብተራ በአንድ በኩል የዜማና የቅኔ ሊቅ፣ በሌላ በኩል ስለ ድግምቱ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ታከብራለች፤ ሁለተኛውን ታወግዛለች። ጥምር ሙያ እኛ ዘንድ ጥንትም አለ ማለት ነው፤ የሚነገረው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ወደ ደሙ ነገር ልመለስ። ጨዋታው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልሳተውም። በመጀመሪያው እትም ካህኑ ስለት ያለው መሣሪያ አይዝም፤ ዱላና መዶሻ መሰል ነገር ብቻ ይፈቀድለታል። በተለምዶ የሚሰጠው ምክንያት ካህን ደም ማፍሰስ የለበትም የሚል ነው። ይህ መላ ያስቀኛል። የሰው ራስ ቅል በዱላ ሲፈረከስ ደም አይፈስም ያለው ማን ነው? በግብፃዊው ወሬ ውስጥ ያለው ሕግ መሣሪያውን አይመረምርም። የሚያየው የሞተውን ሰውና የገዳዩን እጅ ነው።

ፓላዲንም ቢሆን በ1970ዎቹ መጻሕፍት እንዲህ ልቅ አልነበረም። ከገቢው አሥራት ያወጣል፤ ከ10 በላይ ተአምራዊ ዕቃ አይይዝም፤ እያወቀ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉ ለዘለዓለም ይገፈፍና ተራ ተዋጊ ሆኖ ይቀራል። በአምስተኛው እትም አሥራቱም የዕቃው ገደብም የሉም፤ የማዕረግ መገፈፉም እንደ ጥንቱ የጠበቀ ሕግ አይደለም። ተጫዋቹ ነጻነት አገኘ፤ ገጸ ባሕርይው ግን የሚፈራው ነገር አጣ። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ላስታ እንግባ። ትውፊቱ ከዛጉዌ ነገሥታት አራቱን ቅዱሳን ይላቸዋል፦ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም የተባለው ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ። በይምርሐነ ክርስቶስና በላሊበላ ገድል ጦር ሜዳ የሚፈልግ አንባቢ እጁ ባዶ ይቀራል። ይምርሐነ ክርስቶስ አጎቱ ጠንጠውድም ሊገድለው ሲፈልገው ይሸሻል እንጂ ሠራዊት አይሰበስብም። ላሊበላ ሲወለድ በንብ መንጋ ይከበባል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ መርዝ ይቀርብለታል። ጽዋውን ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሲሞት እያየ እሱም ይጠጣዋል። ሦስት ቀን ሰማይ ሄዶ ቤተ መቅደሶችን ያያል። ወንድሙ ሐርቤም ከሰማይ ታዝዞ ዙፋኑን ይለቅለታል። ላሊበላ ዘውዱን ያለ አንዲት ጦር ጫነ።

እዚህ ላይ ሐያሲ ዝም ማለት የለበትም። ገድሎቹ የተጻፉት ዛጉዌ እ.ኤ.አ. በ1270 ከወደቀ በኋላ፣ ሰሎሞናውያን ነን በሚሉ ነገሥታት ዘመን ነው። የወደቀን ቤት ነገሥታት ጾመኛና ገር አድርጎ ማውሳት ለአዲሱ ዙፋን የሚያሰጋ አልነበረም። በሌላ በኩል ሽመዛና ላይ ያለው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል የላሊበላን የመሬት ስጦታዎች መዝግቧል፤ ሽመዛና ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው። ከሮሐ ተነሥቶ እስከዚያ ድረስ ርስት የሚሰጥና የሚነሣ ንጉሥ በጾም ብቻ አልገዛም። ጦር ነበረው፤ የጦር አለቆችም ነበሩት። ገድሉ የሚነግረን ንጉሡ ምን እንዳደረገ ሳይሆን እጁ ከምን ንጹሕ መሆን እንደነበረበት ነው። ግብፃዊው የሰማው ወሬና የገድሉ ጸሐፊ ዝምታ የተገናኙት በዚህ ነጥብ ነው።

የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዋሻ ውስጥ የቆመ ነው፤ እንጨቱና የተለሰነው ድንጋይ ተራ በተራ ተነባብረው እንደ አክሱም ሕንፃ መስመር መስመር አውጥተዋል። ትንሽ ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ እስከ መቅደሱ መጋረጃ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ያን ወሬ ይዤ ሳስበው ቅጣቱ በዚህች ርቀት ይለካል፦ ሰው የገደለ ንጉሥ ከመጋረጃው ወዲህ ይቆማል፤ ሌላ ካህን ሲቀድስ ይሰማል። ግዛቱ፣ ሠራዊቱ፣ አዳራሹ ሁሉ የእሱ ነው። ያጣው እነዚያን ጥቂት እርምጃዎች ነው።

እንግዲያው የላስታ ግድግዳዎች በፈረሰኛ ለምን ተሞሉ? በላሊበላው ቤተ ማርያም ምዕራባዊ ደጅ ላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለእኔ ቤት አልሠራህልኝም ብሎ ላሊበላን ሊወቅስ በፈረስ መጣ ይባላል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ሲደረስ አስጎብኚው የፈረሱን ኮቴ ዐለቱ ላይ ያሳያል። ቤተ መርቆሬዎስ አለ። ጊዮርጊስና መርቆሬዎስ በዘመናቸው ወታደሮች ነበሩ፤ የተቀደሱት ግን በመግደላቸው አይደለም። ጊዮርጊስ በንጉሥ ዱድያኖስ ፊት የቀረበው ሊዋጋ ሳይሆን ሊሞት ነው። የመርቆሬዎስ ታሪክ ይበልጥ ይረቅቃል። በሥዕል ጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ ከሐዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን ይወጋል፤ በዚያ ጊዜ ግን እሱ ራሱ በሰማዕትነት ካለፈ ዘመናት ተቆጥረዋል። በሕይወት ሳለ ሰይፉን ያኖራል፤ ሰማዕት ሆኖ ጦሩን ይቀበላል። በጨዋታ ቋንቋ ብናገረው ሁለተኛው ሙያ የሚከፈተው የመጀመሪያው በሞት ሲዘጋ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ነአኩቶ ለአብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በገደል ሥር ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይወስዱታል። ትውፊቱ እንደሚለው ይህ ንጉሥ የጌታን ሕማም እያሰበ ጦሮች በዙሪያው ተክሎ ይሰግድ ነበር፤ ሲወድቅ ሲነሣ ጦሮቹ ይወጉታል። አንድ ጊዜ ልብ እንበል። ጦር የተዋጊ ዕቃ ነው፤ ስግደት የካህን። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው ላይ በእርግጥ ተደርበዋል። ደምም ፈስሷል። ግን የማንም ደም አይደለም፤ የራሱ ነው። መቅደሱን የሚዘጋው የሌላ ሰው ደም ከሆነ ነአኩቶ ለአብ ጦሩን ሳይጥል ወደ መቅደስ የሚገባበትን መንገድ አግኝቷል።

ለጨዋታው ፍርድ ስንሰጥ አንድ ነገር እንመስክርለት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የዛናታር መመሪያ ውስጥ የመዋጀት መሐላ የገባ ፓላዲን አለ፤ በኃይል መጠቀም ለእሱ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በ7ኛው ደረጃ ባልንጀራው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ወደ ራሱ አካል መውሰድ ይችላል። ወደ ላስታ በጣም የሚቀርበው ይህ ነው። ብልጡ ተጫዋች ይህን መሐላ የሚመርጠው አልፎ አልፎ ነው፤ የምቱን ቁጥር ከፍ አያደርግለትምና።

የላስታውን ካህን ንጉሥ ጠረጴዛ ላይ ላምጣው ብል ከካህንነት አስጀምረዋለሁ። ተዋጊነቱን እደርብለታለሁ፤ ሠራዊት እሰጠዋለሁ፤ ማዘዝ፣ መሸሽ፣ መክበብ፣ መማረክ ይችላል። በገዛ እጁ ሰው በገደለባት ቀን ግን የካህንነት ደረጃው ባለበት ይቆማል፤ የተማረውን አይረሳም፤ መንበሩ ፊት ግን አይቆምም። ከዚያ በኋላ የሚሻለውን ይምረጥ፦ በተዋጊነት ይግፋ፣ ወይም ጦሩን በራሱ ዙሪያ ይትከል። ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት ጠረጴዛው ጸጥ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ካሉ አደራ የምላቸው አንድ ነገር ነው። የጀግናውን የኃይል ሰንጠረዥ ከመሙላታቸው በፊት ገድለ ነአኩቶ ለአብን ያንብቡ፤ ላስታ የወጡ ዕለትም ከዚያ ዋሻ ጣሪያ ሥር ትንሽ ቆም ብለው ጠብታውን ያዳምጡ።